ጥያቄና መልስ፦ ጠመንጃዎ የምትወደውን የ.22 ጥይት ፍለጋ

ስለ .22 ሎንግ ራይፍል ጠመንጃና ጥይቱ የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል። ጠያቂዎቹ ሁሉ በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለሆኑ መልሱም የዚያን አገር ገበያና ሕግ ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ያገለገለች፣ በእጅ የምትቀባበል .22 ጠመንጃ ከነቴሌስኮፗ ገዛሁ። ባለ555ቱን ትልቅ ካርቶን ጥይት ገዝቼ በ50 ያርድ ስተኩስ ቀዳዳዎቹ ሁለት ኢንችና ከዚያ በላይ ይበታተናሉ። አንዳንዷ ጥይት ደግሞ ጭራሽ ብቻዋን ትሄዳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጠመንጃዋ ነው ወይስ የጥይቱ? የትኛውንስ ልግዛ? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከአገላለጽዎ ስንነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥይቱ ነው። በ50 ያርድ ሁለት ኢንች መበተን ከእንዲህ ዓይነቱ የጅምላ ጥይት የሚጠበቅ ነው። ያችው ጠመንጃ የሚስማማትን ስታገኝ በአንድ ኢንች ውስጥ፣ ሲሳካም በግማሽ ኢንች አካባቢ ልትሰበስብ ትችላለች።

ነገሩ ከጥይቱ አሠራር ይጀምራል። በትልልቆቹ ጥይቶች እሳት የሚጭረው ቅመም በቀለሁ ቂጥ መሐል በምትገባ ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው። በ.22 ግን ቅመሙ እርጥብ ሆኖ ቀለሁ ውስጥ ይጨመርና ቀለሁ በፍጥነት ሲሽከረከር ወደ ጠርዙ እጥፋት ይገባል። መምቻው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይነዳል። ዙሪያውን እኩል ካልተዳረሰ እሳቱ ከጥይት ጥይት ይለያያል። ባሩዱም ከ2 ግሬን (0.13 ግራም ያህል) ያነሰ ስለሆነ ጥቂት መብለጡ ወይም መጉደሉ ወዲያው በፍጥነቱ ላይ ይታያል። አረሩ ደግሞ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ተዘርግፎ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይቧጨራል፣ ይጎደጉዳል። ለውድድር የሚሠራው ጥይት ባለ50 ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ በየቀዳዳው ተሰክቶ የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 40 ግሬን የሚመዝን አረር በሰከንድ 1,070 ጫማ ወጥቶ ቀጣዩ 1,020 ቢወጣ፣ ሁለተኛው በ50 ያርድ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። በ100 ያርድ ልዩነቱ አራት ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ሲያስቡ፣ ተወዳዳሪዎች ለጥይት ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት ይገባዎታል። ከጥይት የሚፈለገው አንዷ ከሌላዋ ሳትለይ መውጣቷ ነው።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙዎችን ያታልላል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በሰከንድ 1,125 ጫማ ገደማ ይጓዛል። 1,235 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባት ጥይት ከድምፅ ቀድማ ትወጣና መንገድ ላይ ፍጥነቷ ከድምፅ በታች ይወርዳል፤ በዚያች መሸጋገሪያ አየሩ ያንገላታታል። ነፋስም ፈጣኗን አይምራትም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ50 ያርድ ዝግተኛዋን አንድ ኢንች ያህል ሲገፋ ፈጣኗን ወደ አንድ ኢንች ተኩል ይገፋታል። ይህን የሚያደርገው ፈጣኗ በመንገድ ላይ የምታጣው ፍጥነት የበለጠ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለኢላማ ከ1,040 እስከ 1,085 የተጻፈባቸውን ይፈልጉ።

ለመጀመሪያ ፈተና አምስት ዓይነት ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ባለ50 ሳጥን ይግዙ። በአይዳሆ ግዛት ሉዊስተን ከተማ የሚሠራው ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ መነሻ ይሁን፤ 1,070 ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ለዋጋውም የሚያስመሰግን ጥይት ነው። ከሜክሲኮው አጊላ አንድ ከድምፅ በታች የሆነ ይጨምሩ። ሦስተኛው በጀርመን ሾነቤክ የሚሠራው ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ ይሁን፤ አራተኛው ከእንግሊዙ ኢሊ የታርጌት ዓይነቱ። አምስተኛው ውዱ ይሁን፣ ለምሳሌ ላፑዋ ሴንተር ኤክስ። ውዱን የምናስገባው እንዲገዙት አይደለም፤ ጠመንጃዋ ምን ያህል እንደምትችል ስለሚያሳይዎት ነው። ውዱም ሁለት ኢንች ከበተነ ችግሩ ከጥይቱ ውጪ ነው ማለት ነው።

ከመተኮስዎ በፊት ግን ጠመንጃዋን ይፈትሹ፣ ያገለገለች ናትና። ብረቱን ከእንጨቱ የሚያያይዙት ብሎኖችና የቴሌስኮፑ ማሰሪያ ብሎኖች ጠብቀዋል? የአፈሙዟ ጫፍ ላይ ጥርስ ወይም ጭረት አለ? ጥይቱ ከሚጎርስበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ጠመዝማዛው መስመር በሚጀምርበት፣ ጥቀርሻ ተጋግሮ ቀለበት ይሠራል፤ ባገለገሉ .22ዎች ላይ ከምናያቸው የስሕተት ምንጮች ዋናው ይኸው ነው። ማጽጃ ፈሳሽ ነክተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት፣ በነሐስ ብሩሽ ከኋላ በኩል ይሹት፣ ከዚያ በጨርቅ ያድርቁት። ዘንጉን ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል አያስገቡ፤ እየታከከ ጫፉን ይበላዋል።

ፈተናው ጠዋት ማልደው፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው። ጠመንጃዋን ከፊት በአሸዋ ከረጢት፣ ከኋላም ሰደፏ ሥር በትንሽ ከረጢት ያስደግፏት። ጥይት በለወጡ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 10 ወይም 15 ጥይቶች አይቁጠሯቸው። እያንዳንዱ ፋብሪካ አረሩን የሚቀባው ሰም የራሱ ስለሆነ አፈሙዙ አዲሱን ሰም እስኪለምድ ይበታትናል። ይህን ዘለው በአምስት ጥይት «ይህ አይረባም» ብለው የሚፈርዱ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ አምስት የተለያዩ ኢላማዎች ላይ አምስት አምስት ጥይት ይተኩሱ። ቴሌስኮፑን መሐል ለመምታት ብለው አይነካኩት፤ ጥይቱ ጎን ላይም ቢሰበሰብ ለፈተናው ያው ነው፤ እንዲያውም የሚያነጣጥሩባት ነጥብ ሳትበሳ ትቆይልዎታለች።

ሲለኩ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጪ ጠርዝ እስከ ውጪ ጠርዝ ይያዙና 0.22 ኢንች ይቀንሱ። የአምስቱን አማካይ ይውሰዱ። ብቻዋን የሄደችውን ጥይት «እሷ እንኳ አትቆጠርም» አይበሉ፤ የተኮሱበት እጅዎ እንደተንቀሳቀሰ እርግጠኛ ካልሆኑ እሷም የጥይቱ ጠባይ ናት። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ከተዘረጉ ፍጥነቱ ይለያያል፤ ወደ ጎን ከተዘረጉ ነፋስ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ ከተበተኑ ወይ ጥይቱ ከአፈሙዙ አልተስማማም ወይ አንድ ብሎን ላልቷል። ከሁሉ የተሻሉትን ሁለቱን ዓይነቶች በሌላ ቀን፣ ቅደም ተከተላቸውን ገልብጠው ይድገሙ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ጠመንጃዬ አንድ ጥይት በጣም ወደደች። አልቆብኝ ያንኑ፣ በስሙም በሳጥኑም ልክ ያንኑ፣ ብገዛ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። የፋብሪካው ጥራት ወረደ እንዴ? — ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ የሳጥኑን ክዳን ወይም ጎን ይመልከቱ፤ የታተመ ቁጥር አለ። ሎት ይባላል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ባሩድ፣ ቅመምና እርሳስ የተሠራውን ያመለክታል። ሎቱ ሲለወጥ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ለእርስዎ አፈሙዝ ሌላ ጥይት ነው። በውድ ጥይቶችም ይህ አይቀርም፤ እንዲያውም ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ፋብሪካዎቹ መፈተኛ ይሄዳሉ። ላፑዋ ለምሳሌ በአሪዞና ሜሳ ከተማ እንዲህ ያለ ቦታ አለው፤ የተለያዩ ሎቶች በዚያው ጠመንጃ ተተኩሰው የተሻለው ይመረጣል።

ለእርስዎ የምንመክረው ቀላሉን ነው። ከአንድ ሎት ሁለት ሳጥን ይግዙ፣ በዚያው ሳምንት ይፈትኑ፣ ከወደደችው ወዲያው ተመልሰው ከዚያው ሎት አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ይግዙ። ባለ500 እሽግ ለአንድ ሰው የብዙ ወራት ኢላማ ነው፤ ባለ5,000 ካርቶን ደግሞ የሚወዳደር ሰው የሚገዛው ነው። በስልክ ወይም በፖስታ ሲያዙ «ከአንድ ሎት ብቻ ይላክልኝ» ማለትን አይርሱ፤ ካላሉ ደባልቀው ይልካሉ። የጥይቱን ክብደት ወይም የጠርዙን ውፍረት አንድ በአንድ እየለኩ መለየት የሚመክሩ አሉ። ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ነፋስ ማንበብ ቢለማመዱበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ከፊል አውቶማቲክ ሩገር 10/22 ናት። ለኢላማ ጥሩ ነው የተባለውን ዝግተኛ ጥይት ሳጎርሳት በየአሥሩ ጥይት አንዴ ትነክሳለች። በፈጣኑ ግን ትሠራለች። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል? — ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜም ከማጽዳት ይጀምራል። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚቀባበለው ቀለሁ ወደ ኋላ በሚገፋበት ኃይል ነው። ዝግተኛዋ ጥይት ያላት ኃይል በጭንቅ የሚበቃ ስለሆነ ቆሻሻና ሰም ሲጨመርበት ያንሳል። ቀለሁን የሚነቅለውን ጥፍር፣ ከሥሩም የተጠራቀመውን ጥቀርሻ በጥርስ ብሩሽ ያውጡ። ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ ይጥረጉ። ተንሸራታቹን ብረት ከታች በኩል እጅግ ቀጭን ዘይት ይቀቡት፤ ዘይት ሲበዛ ጥቀርሻ ይሰበስባል። ጠመንጃዋ አዲስ ከሆነች ጥቂት መቶ ፈጣን ጥይቶች ተኩሰው ብረቶቹ እርስ በርስ ይላመዱ፤ ከዚያ ወደ ዝግተኛው ይመለሱ።

ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቆሞ ከተቀረቀረ ኃይል አንሷታል። ያልተተኮሰች ጥይት አፍንጫዋ ተጨፍልቃ ከቆመች ግን ጥፋቱ የካዝናው ነው፤ ካዝና ለውጠው ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ የሲሲአይ ሚኒ ማግ፣ 40 ግሬን፣ 1,235 ጫማ በሰከንድ፣ መታረቂያዋ ናት፦ እምብዛም አይነክስም፣ በ25 እና በ50 ያርድም በሚገባ ይሰበስባል። ኳየት 22 የሚባለው 710 ጫማ በሰከንድ ብቻ ስለሚወጣ በእርስዎ ጠመንጃ አይቀባበልም፤ በእያንዳንዱ ጥይት በእጅ መሳብ አለብዎት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አፈሙዟን ለውጠው ለውድድር የተሠራ ጠባብ መጉረሻ ያለው ካስገቡ ስቲንገር የሚባለውን የሲሲአይ ፈጣን ጥይት አይጠቀሙ። ቀለሁ ከተለመደው ይረዝማል፤ በጠባብ መጉረሻ ውስጥ አፉ ይጨናነቅና ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ያስተካከልኩት ቴሌስኮፕ በጥር ሁሉንም ዝቅ አድርጎ ይመታል፣ ይበትናልም። ብርዱ ነው? — ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ አዎ፣ እህታችን። ባሩዱ በብርድ ደከም ብሎ ስለሚነድ አረሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ያ ዝቅ ያደርገዋል። ሰሙም ይደርቅና በአፈሙዙ ውስጥ እኩል አይቀባም፤ ያ ይበትነዋል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ድምፅ ራሱ በብርድ ይዘገያል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ 1,057 ጫማ በሰከንድ ገደማ ነው። በበጋ ከድምፅ በታች የነበረችው ጥይትዎ አሁን ከድምፅ ጋር ልትጋፋ ነው። ጥይቱን ከነሳጥኑ በካፖርትዎ የውስጥ ኪስ ይያዙት፣ በጥቂት በጥቂቱም እያወጡ ይተኩሱ። በክረምት አዘውትረው የሚተኩሱ ከሆነ በበረዶ ላይ ለሚወዳደሩ ቢያትሎን ተኳሾች ተብሎ የሚሠራ ጥይት አለ፤ ላፑዋም ኤስኬም ይሠሩታል። ቴሌስኮፑን ለክረምት እንደገና ያስተካክሉ፣ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳደረጉትም ይጻፉ፤ ሲሞቅ ይመልሱታል።

ጥያቄ፦ በስሕተት .22 ማግነም ገዛሁ። በ.22 ጠመንጃዬ ልተኩሰው እችላለሁ? — ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

መልስ፦ አይችሉም። ማግነሙ ቀለሁ ስለሚወፍር አይገባም፤ በግድ ለማስገባት አይሞክሩ። ተቃራኒው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፦ ተራው .22 በማግነም መጉረሻ ውስጥ ይገባል፣ ሲተኮስ ግን ቀለሁ ያብጥና ይሰነጠቃል፣ የጋለ ጋዝ ወደ ፊትዎ ሊመለስ ይችላል። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውንና ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ መጋዘን ያገኘነው ጥይት ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ይከሽፋል። አደጋ አለው? ደግሜ መምታትስ እችላለሁ? — ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ ሲከሽፍ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አልፎ አልፎ ዘግይቶ የሚተኮስ አለ። ከዚያ ጥይቱን ያውጡና ጠርዙን ይመልከቱ። የመምቻው ምልክት ጥልቅና ግልጽ ከሆነ ጥይቱ ነው፤ በዚያ ቦታ ቅመም የለም ማለት ነው። ጥይቱን ዞር አድርገው፣ ያልተመታው ጠርዝ በመምቻው በኩል እንዲሆን አጉርሰው አንድ ጊዜ ሊሞክሩት ይችላሉ። እንደገና ከከሸፈ በተኩስ ሜዳው ለከሸፈ ጥይት በተዘጋጀው ሣጥን ይጣሉት። ምልክቱ ስስ ከሆነ ግን ጥይቱን አይውቀሱ፤ የመምቻው መንገድ በጥቀርሻ ወይም በረጋ ዘይት ተይዟል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ከሽፎ የቀረው አይደለም። «ጧ» ማለት ሲገባው «ፑፍ» ያለው ነው። አረሩ አፈሙዙ መሐል ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ሌላ ቢተኩሱበት አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ወዲያው ያቁሙ፣ ጥይቱን ያራግፉ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን መታየቱን ያረጋግጡ። ያን አሮጌ ጥይት ለኢላማ አይጠቀሙበት። አዲሱን በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ላስቲክ ባለው ክዳን በሚዘጋ የብረት ሳጥን ያስቀምጡ። ዘይት ከነካ ጠመንጃ ጋር አንድ ላይ አያድርጉት፣ ዘይት ወደ ቀለሁ ይሰርጋል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄን ወዳጃችን እርሻ ላይ ባዶ ቆርቆሮ መምታት ላስተምረው አስቤአለሁ። ለዚህም ውድ ጥይት ያስፈልጋል? — ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

መልስ፦ አያስፈልግም። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ስፋቱ 2.6 ኢንች ያህል ነው። በ50 ያርድ ሁለት ኢንች የሚበትን የጅምላ ጥይት በ25 ያርድ አንድ ኢንች ያህል ነው የሚበትነው፤ ልጁ ካነጣጠረ ይመታል። በእጅ የምትቀባበል ጠመንጃ ከሆነች ኳየት 22 ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ስለሚል ልጁ አይደነግጥም። በመጀመሪያው ቀን አንድ አንድ ጥይት ብቻ እያጎረሱ ይስጡት፤ ካዝናውን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ከጥይቱ ይልቅ ከቆርቆሮው ጀርባ ያለውን ያስቡ። የ.22 ሳጥን ላይ አረሩ እስከ አንድ ማይል ተኩል ሊሄድ እንደሚችል ተጽፏል። ከኋላ ድንጋይ የሌለበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ግድብ ይኑር። በዛፍ ወይም በቁጥቋጦ አይተማመኑ። ውሃ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ አይተኩሱ፤ እርሳሱ ነጥሮ ይመለሳል። ለተኩስ ተብሎ የተሠራ የብረት ኢላማ ከገዙ ሠሪው የጻፈውን ርቀት ይጠብቁ፣ ፊቱን ወደ መሬት ያዘንብሉት። ጠርሙስ አይስበሩ፤ ስባሪው የከብት እግር ውስጥ ይገባል። መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ለሁላችሁም ያስፈልጋል፣ ለሚመለከተውም ጭምር። ሲጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ በእጅ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን እርሳሱ በቀላሉ ከጣት ወደ እንጀራው ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ጓደኞቼ ወደ ተኩስ ሜዳ ይጋብዙኛል፣ ጥይቱንም ግዛ ይሉኛል። ችግር አለው? — ከቺካጎ፣ ኢሊኖይ

መልስ፦ አለው፣ ወንድማችን፤ አይግዙ። የፌዴራሉ ሕግ በተማሪ፣ በጎብኚና በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል። በሜዳው ላይ ተከራይቶ መተኮስም እንደ መያዝ ይቆጠራል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ለምሳሌ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው፤ ነገር ግን የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ሳያማክሩ በእነሱ አይተማመኑ፤ ጥፋቱ ቪዛዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። የግሪን ካርድ ባለቤት ይህ ክልከላ አይመለከተውም፤ ሆኖም ከነጋዴ የጠመንጃ ጥይት ለመግዛት 18፣ የሽጉጥ ጥይት ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለበት። .22 ለሁለቱም ስለሚሆን ሻጩ «ለየትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ ባላችሁበት በኢሊኖይ ከዚህ በተጨማሪ ፎይድ የሚባለው የግዛቱ ካርድ ለጥይትም ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የተመዘገበ ጠመንጃ የሌለው ሰው ጥይት ይዞ ቢገኝ ጥይቱ ራሱ ሊያስከስሰው ይችላል።

ከዚሁ ጋር ለሁሉም አንባቢ፦ ወደ ተኩስ ሜዳ የሚሄዱበትን ቦርሳ ለአውሮፕላን ጉዞ አይጠቀሙበት። ከቦርሳ ስፌት ሥር የቀረች አንዲት .22 ጥይት በፍተሻ ላይ ቅጣት ልታስከትል ትችላለች፤ አዲስ አበባ ስትደርስ ብትገኝ ደግሞ ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሊታይ ይችላል።